ግልጽ ደብዳቤ፦ የኮረብታው የጠጠር መንገድ ዓርብም ከመኪና ነጻ ይሁን

ለክልሉ ምክር ቤት የደንና የክፍት ቦታዎች ክፍል ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት የመንገድና የትራንስፖርት ክፍል
እንዲሁም ለአካባቢያችን ነዋሪዎች በሙሉ

የተከበሩ የክፍሉ ኃላፊ፦

በቅድሚያ ሰላምታችንን በአክብሮት እናቀርባለን። እኛ በእስራኤል፣ በይሁዳ ኮረብቶች ግርጌ ባለችው ከተማችን የሚኖሩ፣ ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ታዳጊዎች የታቀፉበት የብስክሌት ቡድን አሠልጣኞችና የወላጆች ኮሚቴ አባላት ነን። የዚህ ደብዳቤ የዕብራይስጥ ቅጂ በቢሮዎ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጓል። በአማርኛም ለአደባባይ ያወጣነው ውሳኔው በቀጥታ የነካቸው ብዙ ወላጆችና ሽማግሌዎች ጉዳዩን በሚያነቡት ቋንቋ እንዲያውቁት፣ በእነሱም ስም የተጻፈውን ራሳቸው እንዲመዝኑት ብለን ነው። መሥሪያ ቤቱን በስም ያልጠቀስነው ክርክራችን ከውሳኔው ጋር እንጂ ከማንም ሰው ጋር ስላልሆነ ነው።

ለመጻፍ ያስገደደን ባለፈው የዝናብ ወቅት ማብቂያ ላይ በደኑ መግቢያ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ከከተማው ዳርቻ ካለው የጥድ ደን ተነሥቶ፣ በጥንቶቹ የድንጋይ እርከኖችና በወይራ ዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ጫፉ የሚወጣው፣ በሸለቆው በኩልም ዞሮ የሚመለሰው ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጠጠር መንገድ ከእሳት አደጋና ከደን ጥበቃ መኪኖች በቀር ለማንኛውም ሞተር ለዓመታት ዝግ ሆኖ ቆይቷል። ማስታወቂያው ግን መንገዱ ከእሑድ እስከ ዓርብ ለግል መኪና፣ ለጂፕና ትራክቶሮን ለሚባለው ባለ 4 ጎማ ሞተር ክፍት እንደሚሆንና ከተሽከርካሪ ነጻ ሆኖ የሚውለው ቅዳሜ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ከዚያም ዝቅ ብሎ መንገዱ የብስክሌተኞች መስመር መሆኑ እንዳልተቋረጠ ያረጋግጣል።

ቅዳሜ የእኛ ልጆች ብስክሌት አይነዱም። ሰንበት ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ከቢሮዎ ብዙም ሳይርቅ ባለው ሰፈራችን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ ማለፍ ይበቃል። ሰንበትን በሚያከብር ቤት ያደገ ልጅ ብስክሌቱን የሚያወጣው ዓርብ ማለዳ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ትምህርት የማይኖራቸውም ያን ቀን ነው። በበጋ ከንጋቱ ጀምረው ፀሐይ ሳትበረታ ይመለሳሉ፤ በዝናቡ ወራት ደግሞ ቀኑ አጭር ስለሆነ ሰንበት ሳይገባ ቤታቸው ለመድረስ ይጣደፋሉ። ስለዚህ ውሳኔው በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ቢመስልም በተግባር ግን አንድን ቀን ሰጥቶ፣ ያንኑ ቀን ሊጠቀሙበት የማይችሉትን ሰዎች ከመንገዱ አስወጥቷል። ይህ የእኛ ማኅበረሰብ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ሰንበት አክባሪ የሆኑ ሌሎች ጎረቤቶቻችንም ከእኛው ጋር ዓርብ ዓርብ በዚሁ መንገድ ይሄዱ ነበር።

ከማስታወቂያው በኋላ የሆነውን በዝርዝር እናስረዳለን።

በሁለተኛው ወር አንድ ዓርብ ጠዋት የቡድናችን ልጆች ከላይኛው የወይራ ማሳ ወደ ሸለቆው ይወርዱ ነበር። በቁልቁለቱ መካከል መንገዱ ግራ ታጥፎ ከአሮጌ የእርከን ግንብ ጋር የሚጠጋበት፣ ከወዲያ የሚመጣው የማይታይበት ኩርባ አለ። ከታች ሦስት ትራክቶሮኖች ተከታትለው እየወጡ ነበር። የመጀመሪያው የመንገዱን መሐል ይዞ ሲመጣ፣ ከፊት የነበረችው የ14 ዓመት ልጅ ፍሬን ብትይዝ ጎማዋ በልቅ ጠጠር ላይ እንደሚከዳት ስለገባት ብስክሌቷን ወደ ግንቡ ሰጠች። ክንዷ ተሰበረ፤ ሄልሜቷም ከጆሮዋ በላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሾፌሩ ቆሞ ረድቷል፤ ክፉ ሰው ነው አንልም። በሕግ በተፈቀደለት መንገድ፣ በሕግ በተፈቀደለት ቀን ነው የመጣው፤ ጥያቄያችንም ለእሱ ሳይሆን ለፈቀደው አካል የሆነው ለዚህ ነው። ልጅቷ ድና ተመልሳለች፤ እናቷ ግን ታናሽ እህቷን ወደ ቡድኑ ለመላክ ፈቃደኛ አይደለችም፤ እንድትልክም ልንገፋፋት አልደፈርንም።

የዚህ ዓይነቱን ጉዳት በቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰው አንድ ክንድ ተሰበረ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኛ የምናየው ግን ፈቃድ የከለከሉትን ወላጆች ነው። በቡድናችን ካሉት ወላጆች ብዙዎቹ ብስክሌት ነድተው አያውቁም፤ ልጃቸውን በአስፋልት መንገድ ከአውቶቡስና ከጭነት መኪና ጋር እንዲሄድ የሚፈቅድ አንድም አላገኘንም። እሺ ያሰኛቸው «መኪና የማይገባበት መንገድ ነው» የሚለው ቃላችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ 3 የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ በለበሰበት በጋ፣ ከዚህ በፊት ብስክሌት ይዘው የማያውቁ ልጆች አባቶቻቸውን እየጎተቱ መጥተው ሲመዘገቡ፣ ለእያንዳንዱ አባት ያንኑ ቃል ደግመን ሰጥተናል። ዛሬ ያንን ቃል ልንሰጥ አንችልም፤ የቀሩትም ልጆች የቀሩት ስፖርቱ ሰልችቷቸው አይደለም።

በመንገዱ የሚጠቀሙት ልጆች ብቻ አለመሆናቸውንም ማስታወስ ተገቢ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው፣ እናቶችም ነጠላቸውን አጣፍተው ከሰዓት በኋላ በጥዱ ጥላ ሥር እስከ መጀመሪያው የሐሩብ ዛፍ ድረስ ይሄዱ ነበር። ጎንደር ውስጥ በእግር ረጅም መንገድ መሄድ የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ከመጡ ወዲህ እንደ አገራቸው የሚመስል መሄጃ ያገኙት በዚህ መንገድ ላይ ነው። አሁን በበጋው አቧራ አንድ ጂፕ ካለፈ በኋላ ነጠላው ቀለሙ ይለወጣል፤ አስም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ጭራሹኑ መምጣት ትተዋል። ከመካከላቸው አንዱ አባት «መኪናው አያየንም እንጂ እኛ እሱን አቧራውን እናየዋለን» ብለውናል። ቅሬታቸውን በዚህ ደብዳቤ እንድናካትት የጠየቁን እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የመንገዱን ገጽ ይመለከታል፤ ይህን በሰፊው የምናነሳው ቢሮዎ ለተሽከርካሪ ከፍቶ ሲያበቃ «መንገዱን አሻሽለነዋል» የሚል መልስ ስለሰጠን ነው።

የጠጠር መንገድ ማለት ድንጋይ የፈሰሰበት መንገድ ማለት አይደለም። መልካም የጠጠር መንገድ የሚሠራው ተፈጭቶ መጠኑ ከተለያየ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ትልልቁ ጠጠር ይሸከማል፣ ደቃቁ ክፍተቱን ይሞላል፣ ዱቄቱ ውኃ ጠጥቶ በዳምጠው ሲዳመጥ ሁሉንም አንድ ላይ ይይዛል። መሐሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ዳርና ዳሩ ዝቅ ይላል፤ ዝናቡም ወደ ማፋሰሻው ቦይ ይወርዳል እንጂ መንገዱን ይዞት አይሄድም። የእኛ መንገድ እንደዚያ ነበር። ልጆቹ የሚነዱት ግራቭል የሚባለው ብስክሌት ጎማ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ከእሽቅድምድም ብስክሌት ይሰፋል፣ ከተራራ ብስክሌት ይቀጥናል፤ በተዳመጠ ጠጠር ላይ ያለ ችግር ይሄዳል፣ በልቅ ድንጋይ ላይ ግን ይዋዥቃል። ባለፈው የጸደይ ወር ሥራ ተቋራጩ በዳገቶቹ ላይ ከገልባጭ መኪና ያፈሰሰው ጡጫ የሚያክል ድንጋይ ነው። አልተዳመጠም፤ ደቃቅ ጠጠርም አልተቀላቀለበትም። ከፍ ያለ ጂፕ በላዩ አልፎ ይሄዳል፤ ለልጅ ግን በሽምብራ ክምር ላይ እንደ መቆም ነው። በአንድ ጠዋት ብቻ አራት ልጆች ጎማቸው ተበስቶ፣ አሠልጣኙ የያዘው ከመነዳሪ አልቆ፣ ሁለቱ ብስክሌታቸውን እየገፉ ተመልሰዋል። አብዛኞቹ ብስክሌቶች ያገለገሉና በመዋጮ የተገዙ ናቸው፤ ጎማ መቀየር ለእኛ ቀላል ወጪ አይደለም።

ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳስበን ደግሞ ጭቃው ነው። እንደ እርስዎ በሙያው የሚሠራ ሰው የሚያውቀውን ነገር መድገም እንዳይሆንብን እንጂ፣ በእነዚህ ኮረብቶች ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጸው ድረስ ጠብታ አይወርድም። ኖራ የበዛበት የአካባቢው ሸክላ አፈር ሲርስ ከጎማ ጋር ይጣበቃል፤ በእርጥብ ጊዜ መኪና ሲያልፍበት ጥልቅ ቦይ ይበጃል፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ያ ቦይ እንዳለ ይደርቃል። በየካቲት አንድ ሳምንት በጭቃ የተነዳበት መንገድ እስከ መስከረም ድረስ ተበላሽቶ ይከርማል ማለት ነው። ብስክሌትና እግረኛ እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርሱም፤ ቀድሞ መንገዱ በየዓመቱ ጥቂት ጥገና ይበቃው የነበረውም ለዚህ ነበር። አሁን ከባድ ተሽከርካሪ ፈቅዶ፣ ተሽከርካሪው ያበላሸውን በልቅ ድንጋይ መሙላት፣ ከዚያም ይህን ማሻሻል ብሎ መጥራት ለእኛ አልገባንም።

ስለ መንገድ ገጽ የምንናገረው የምቾት ጥያቄ ከመሰለዎት የቶስካናን ምሳሌ እናነሳለን። በጣሊያን በሲየና ዙሪያ ያሉት ነጫጭ የጠጠር መንገዶች በአስፋልት እየተሸፈኑ ሊጠፉ ሲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ጋይኦሌ ኢን ኪያንቲ ከምትባል ትንሽ ከተማ 92 ሰዎች በአሮጌ ብስክሌት ተነሥተው በእነዚያ መንገዶች ላይ ነዱ፤ ሌሮይካ የሚባለው ዝግጅት የተጀመረው በዚያ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ በ2007 በዚያው ጠጠር ላይ ስትራዴ ቢያንኬ የተባለው የባለሙያዎች ውድድር ተጀመረ፤ ዛሬ እሱን የማያውቅ የብስክሌት ተከታታይ የለም። ልብ ይበሉ፣ እዚያ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ለመኪና አልተዘጋም፤ የገበሬው ትራክተር ያልፋል። ነገር ግን የአካባቢው ሰው ጠጠሩ ራሱ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት መሆኑን ተረድቶ ይንከባከበዋል። የእኛ ኮረብቶች በወይራቸው፣ በወይናቸው፣ በጦስኝ ሽታቸውም ከእነዚያ አያንሱም። እንዲያውም በጥር መጨረሻ ለውዙ ሲያብብ፣ በማለዳ ሚዳቋ መንገዱን ስታቋርጥ ያየ ሰው ወደ ጣሊያን መሄድ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

ሦስተኛው ነጥብ ወደ መንገዱ መድረሻውን ይመለከታል። ከሰፈራችን እስከ ደኑ በር ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ቀድሞ ከመጨረሻዎቹ ሕንፃዎች ጀርባ በእግር የተጠረገ ቀጭን መንገድ ነበረ፤ አዲሱ ግንባታ አጥር ሲያጥር ቆረጠው፤ ምትክ አልተሰጠም። የቀረው የመንገድ ትከሻ የሌለው፣ መኪኖች በፍጥነት የሚከንፉበት አስፋልት ብቻ ነው። በዚያው ጊዜ ግን በደኑ በር ላይ የመኪና ማቆሚያው ሰፍቷል። ከሌላ ከተማ ብስክሌቱን በመኪናው ጀርባ ጭኖ የሚመጣ ሰው በሰላም ደርሶ ይነዳል፤ ከመንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ልጅ ግን ወደ መንገዱ ለመድረስ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። እንዲህ ከሆነ ከመኪና ነጻ የሆነው መንገድ መኪና ላለው ሰው ብቻ የተሠራ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳዩ የምክር ቤቱ ነው ይላል፣ የምክር ቤቱ ቢሮ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ነው ይላል፤ ግልባጩን ለሁለቱም ያደረግነው ለዚህ ነው።

በሩ ላይ የተተከለው ማገጃ ብረትም ለቅዳሜ ብቻ የሚቆለፍ ሲሆን፣ ሲቆለፍ ለብስክሌትም ለሕፃን ጋሪም መግቢያ አይተውም፤ ብስክሌቱን በትከሻ ተሸክሞ መሻገር ግድ ነው። በሽርሽር ቦታው የነበረው የውኃ ቧንቧ ደግሞ ከበጋው መጀመሪያ አንሥቶ ተዘግቷል። እነዚህ ጥቃቅን ናቸው፤ በአንድ ቀን ሊስተካከሉ ስለሚችሉ ብቻ ጠቅሰናቸዋል።

ክፍልዎ በቃል የሰጠንን ምክንያቶች ሳንመልስ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም።

የመጀመሪያው ምክንያት እሳት ነው፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሲነዳበት ለእሳት አደጋ መኪና ምቹ ይሆናል ተብሏል። የእሳትን ነገር አቅልለን አናይም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 2025 ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ ባሉት ኮረብቶች የተነሣው ሰደድ እሳት ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደውን ዋና አውራ ጎዳና እስከ ማዘጋት ደርሷል፤ የዚያን ዕለት ጢሱን ከሰፈራችን ቆመን አይተናል። የደን መንገድ ቀዳሚ አገልግሎቱ እሳት አጥፊዎችን ማድረስ መሆኑንም እናምናለን። ነገር ግን ለእሳት አጥፊ የሚመቸው መንገድ ባዶ መንገድ ነው። ዓርብ ከቀትር በፊት በላይኛው ጥድ ሥር መንገዱን ይዘው የቆሙ መኪኖችን ለቆጠረ ሰው አንድ የውኃ ቦቴ በመካከላቸው እንዴት እንደሚያልፍ መገመት አይቸግረውም። መኪና ወደ ደኑ ውስጥ በገባ ቁጥር የከሰል ማንደጃውም አብሮ ይገባል፤ በእግርና በብስክሌት የሚመጣ ሰው ግን ማንጋል ተሸክሞ ዳገት አይወጣም። ቁልፉ በእሳት አደጋና በደን ጥበቃ ሠራተኞች እጅ ያለ ተነቃይ የብረት ምሰሶ በበሩ መካከል ቢተከል ለድንገተኛ አገልግሎት በደቂቃ ውስጥ ይነሣል፣ ብስክሌቱም በጎኑ ያልፋል። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በብዙ አገር የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ተጠቃሚው ጥቂት ነው የሚል ነው። ቆጠራው የተካሄደው በሐምሌ፣ በሥራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ መሆኑን ሠራተኞችዎ ራሳቸው ነግረውናል። በዚያ ሰዓት በእነዚህ ኮረብቶች ላይ እንሽላሊት እንኳ ከድንጋይ ሥር አይወጣም። ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት መጥቶ የሚቆጥር ሰው እንዲመደብ እንጠይቃለን፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ሦስተኛው ምክንያት ወጪ ነው። በዚህ ላይ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱን ለተሽከርካሪ መዝጋት ገንዘብ አያስወጣም፣ ይቆጥባል። ገንዘብ የሚያስፈልገው ነገር ሲኖርም ሌሎች የሜዲትራኒያን አገሮች ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አገልግሎት ያቆሙ የባቡር መስመሮቿን ወደ እግረኛና ብስክሌት መንገድነት እየለወጠች ነው፤ እስካሁን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተሠርቷል። ከእነዚህ አንዱ በአንዳሉሲያ ከኦልቬራ እስከ ፑኤርቶ ሴራኖ የሚዘልቀው 36 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። መስመሩ በ1920ዎቹ ተጀምሮ ባቡር አንድ ቀን እንኳ ሳይሄድበት የቀረ ነበር፤ 30 ዋሻዎችና 4 ድልድዮች ያለ ሥራ ለአሥርተ ዓመታት ቆመው ኖረዋል። ዛሬ በእነዚያ ዋሻዎች ውስጥ ልጅ ከወላጁ ጋር በብስክሌት ያልፋል፤ የተተዉት ጣቢያዎችም ማረፊያና ምግብ ቤት ሆነዋል። ባቡር ገደላማ ዳገት ስለማይወጣ የመንገዱ ዘንበልታ ለስላሳ ነው፤ ጀማሪም ሽማግሌም ይሄድበታል። ከሃኤን እስከ ፑኤንቴ ሄኒል ያለው የወይራ ዘይት መስመር ደግሞ ወደ 128 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በእነዚህ መስመሮች ላይ መኪና ቅዳሜም ማክሰኞም አይገባም፤ ሰው ከሩቅ አገር ድረስ የሚመጣባቸውም ስለዚሁ ነው። ሳምንቱን ቀን እየቆጠረ «ዛሬ መኪና አለ ወይስ የለም» ብሎ የሚነሣ ብስክሌተኛ የለም።

ከአገራችን ሳንወጣም ምሳሌ አለ። ከያፎ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1892 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ወደ አሮጌው የኢየሩሳሌም ጣቢያ መሄዱ በ1998 ሲቆም የከተማው ውስጥ ሐዲድ ለዓመታት ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ቆየ፤ ዛሬ ግን የእግረኛና የብስክሌት መናፈሻ ነው። በኢየሩሳሌም ዙሪያም ወደ 42 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የብስክሌት ቀለበት ተዘርግቷል፤ በ2022 የተከፈተው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የብስክሌት ዋሻም የዚሁ አካል ነው። በ2018 ታላቁ የጣሊያን የብስክሌት ውድድር ጂሮ ዲታሊያ ከኢየሩሳሌም ሲነሣ አገሩ በሙሉ ስለ ብስክሌት ሲያወራ እንደነበረም እናስታውሳለን። በተራራ ሥር ለብስክሌተኛ መንገድ የሰጠ አገር፣ ብዙ ወጪ ሳይፈልግ ለዓመታት በሰላም ያገለገለን አንድ የጠጠር መንገድ ለልጆቻችን መጠበቅ ያቅተዋል ብለን አናምንም።

ከሁሉ በላይ ያስከፋን ውሳኔው የተወሰነበት መንገድ ነው። ጂፕ ያላቸው ሰዎች ተጠርተው እንደተመከሩ ሠራተኞችዎ ነግረውናል፤ ይህን በማድረጋችሁ አንወቅሳችሁም፣ እነሱም ዜጎች ናቸው፣ በክልሉ ውስጥም ለመኪና የተፈቀዱ ብዙ የደን መንገዶች አሏቸው። እኛን ግን የጠራን የለም። ከሰፈሩ ሽማግሌ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከቡድኑ አሠልጣኝ አንዱን እንኳ ጠይቃችሁ ቢሆን ኖሮ ስለ ቅዳሜ የምንለውን በአንድ ደቂቃ ሰምታችሁ፣ ይህ ደብዳቤም ባላስፈለገ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንዲፈጽሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ዝናቡ ሳይጀምርና መንገዱ በጭቃ ሳይታረስ፣ ከስግድ በዓል በፊት ውሳኔው ተሽሮ መንገዱ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ለግል ተሽከርካሪ እንዲዘጋ። ይህ በአንድ ጊዜ የማይቻል ከሆነ ዓርብ ከንጋት እስከ ሰንበት መግቢያና በሥራ ቀናት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያሉት ሰዓታት ወዲያውኑ ይዘጉ፤ በዝናቡ ወራት ግን በየትኛውም ቀን ተሽከርካሪ እንዳይገባ።

ሁለተኛ፣ በዳገቶቹ ላይ የፈሰሰው ልቅ ድንጋይ ተነሥቶ ወይም ደቃቅ ጠጠር ተቀላቅሎበት በዳምጠው ይዳመጥ፤ የማፋሰሻ ቦዮቹም ይጠረጉ። ልጅቷ በወደቀችበት ኩርባ የእርከኑ ግንብ ጥንታዊ ስለሆነ እንዳይነካ፣ በምትኩ የደን አገልግሎት መኪኖችን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ከሁለቱም ወገን እንዲቆም።

ሦስተኛ፣ ከሰፈራችን እስከ ደኑ በር ያለውን ሁለት ኪሎ ሜትር በሚመለከት የምክር ቤቱና የማዘጋጃ ቤቱ ተወካዮች እኛ ባለንበት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ያሳውቁን። በአጥሩ ዳር ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጥርጊያ ይበቃናል፤ አስፋልት አልጠየቅንም።

በሩ ላይ ያለው ማገጃ በተነቃይ ምሰሶ እንዲተካና የውኃ ቧንቧው እንዲከፈት የጠየቅነውን ደግሞ ለስብሰባ ሳይጠብቁ እንደሚያስፈጽሙልን ተስፋ እናደርጋለን።

ወደፊት ይህን መንገድ የሚመለከት ማንኛውም ማስታወቂያ በአማርኛም እንዲለጠፍ፣ ውሳኔ ከመወሰኑም በፊት የወላጆች ኮሚቴው እንዲጠራ እናሳስባለን። እስከዚያው ድረስ ልጆቻችን ዓርብ ዓርብ የሚለማመዱት በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። መንገዱን በዓይንዎ ለማየት ፈቃደኛ ከሆኑ ከአሠልጣኞቻችን አንዱ በመረጡት ዓርብ ከደኑ በር ይጠብቅዎታል፤ ለእርስዎ ቁመት የሚሆን ብስክሌትም አለን። በጽሑፍ የሚሰጡንን መልስ በ30 ቀናት ውስጥ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፦

የታዳጊዎች ብስክሌት ቡድን ዋና አሠልጣኝ
የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢና ጸሐፊ
የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተወካይ